የቃል ፈተና

«ለምን ነርስ መሆን ፈለግሽ?» አለቻት ጓደኛዋ ድምፅዋን አወፍራ፣ መነጽር ያደረገች ይመስል በአፍንጫዋ ጫፍ ቁልቁል እያየቻት።

ሁለቱም ሳቁ። የጽሑፉን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ሲያላምጡት ውለው አሁን የቀራቸው የቃሉ ነበር። የነርሶች ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና ደርሷል፤ በጽሑፍ ያለፈ ሁሉ መምህራኑ ፊት ቀርቦ ይኸንኑ ይጠየቃል ተብሏል። ልጅቷ ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

ይኼኔ ከውስጠኛው ክፍል «ሲስተር» የሚል ድምፅ መጣ።

አባቷ ነው። ለፈተናው የተመዘገበች ለት «እንግዲህ ቤታችን ሲስተር ገባላት» ብሎ ቅጽል ስሙን ያወጣላት እሱ ራሱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላታል። ዕድሜውን የከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሰ፣ ያን የሚያህል ጎማ ብቻውን ፈትቶ ብቻውን የሚገጥም ሰው፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት አልጋ ላይ ቀረ። እናቷ ጠዋት አጥባው ወደ ልብስ ስፌት ቤት ትሄዳለች፤ ማታ ተመልሳ ታጥበዋለች። የቀኑ ተራ የልጅቷ ነው። ምሳ ታጎርሰዋለች፤ ትራሱን ታቃናለታለች። ከዚያ ያለፈ ነገር ሲመጣ፣ ሽታው ሲመጣ፣ በሩን ቀስ ብላ ገጥማ የእናቷን መመለስ ትጠብቃለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«የታመመ ሰው ሲጨነቅ ማየት ስለማልችል ነው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት...»

«ቆይ እስቲ፤ ሰው የሚጣራ መሰለኝ።»

«የጎረቤት ሬዲዮ ነው።»

ከየት አፏ ላይ እንደመጣላት እሷም አላወቀችም። ወዲያው አባቷ ደገመ፤ አሁን በቅጽል ስሙ ሳይሆን በራሷ ስም። ሬዲዮ ደግሞ ሰውን በስሙ አይጠራም።

ጓደኛዋ ለአፍታ አየቻት። ደብተሩን ዘግታ ተነሣች። «ተይው፣ እናቴ አሁን ትመጣለች» አለች ልጅቷ፤ እናቷ ለሬዲዮ ምን እንደምታደርግለት ያሰበችው ቃሉ ካመለጣት በኋላ ነው። ጓደኛዋ በሩን ከፍታ ገብታ ነበር።

ልጅቷ ከበሩ ኋላ ቀረች። ፊቷ እሳት ሆነ።

«አይ የኔ ልጅ፣ አንቺስ አትግቢ» ሲል ሰማችው። «እሷ እኮ አልሰማችኝም። ጥናት የያዘች እንደሆነ ቤቱ ቢፈርስም አትሰማም። የኔም ድምፅ እንደምታዪው ነው፣ አይወጣም።»

ድምፁ ጥርት ብሎ ነበር የወጣው። ሁለቱንም ጊዜ።

ጓደኛዋ አያቷን እስከ መጨረሻቸው ያስታመመች ልጅ ናት። «ምንም አይደል አባባ፣ አይጨነቁ» ብላ እጅጌዋን ሰበሰበችና ወደ በሩ ዞራ «ለብ ያለ ውሃ አምጪ» አለች። ልጅቷ ወደ ማድ ቤት ስትሮጥ ከክፍሉ በመራቋ ደስ አላት፤ ደስ ማለቷ ደግሞ ከውሸቱም ይልቅ አሳፈራት። ውሃው ለብ ካለ በኋላ እንኳ እጇን ሳፋው ውስጥ ነክራ ቆማ ቆየች።

ስትመለስ ጨርቁን ከጓደኛዋ እጅ ወሰደች። «ስጪኝ። አባቴ ነው።»

ጓደኛዋ ትከሻውን ደግፋ በጎኑ አስተኛችው፤ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ከወገቡ ዝቅ ብሎ ቆዳው ቀልቶ ተልጧል። የዚህን ቁስል ስም ልጅቷ ታውቀዋለች። ሰው ሳይገላበጥ እርጥበት ላይ ሲቆይ እንደሚወጣ፣ ካልተጠነቀቁለት እያደር ወደ አጥንት እንደሚዘልቅ በቃሏ ይዛዋለች፤ መስተዋት ፊት ቆማ ሳትደናቀፍ አነብንባዋለች።

«እሱስ እንኳን አያመኝም» አለ አባቷ ግድግዳውን እያየ። ጨርቁ ሲነካው ግን የደህናው እግሩ ጣቶች ጭብጥ አሉ።

ስትፈራው የኖረችው ማቅለሽለሽ መጣባት፤ ትንሽ ቆየና ተዋት። ያችው ነበረች እንዴ? ለዚህች ነው በር ስትገጥም የከረመችው?

አንሶላው ተቀይሮ ሲያበቃ አባቷ «ከጥናታችሁ አስተጓጎልኳችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀብራበት የማያውቃቸው መንገደኞች ሲገፉለት የሚለውን ነው ያለው። ምነው በተቆጣኝ አለች በልቧ። ምነው አንድ ክፉ ቃል በተናገረኝ።

እናቷ ጠዋት ራስጌው ያስቀመጠችለት ብርጭቆ እስከ አፉ እንደ ሞላ ነው። «አባዬ፣ ውሃውን ሳትጠጣው?»

«አልጠማኝም።»

ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ትናንትም ሙሉውን ብርጭቆ የደፋችው እሷ ነበረች፤ ከዚያ በፊትም እንደዚሁ፤ አልጠማውም እያለች። ማታ እናቷ ከሥራ ስትገባ ግን ውሃ በላይ በላዩ ይለምናል፤ ያን ጊዜ የሚያነሣው አለው። አሁን ገባት፤ ቀን የማይጠጣው እንዳይረጥብባት ነው።

ጓደኛዋ የቆሸሸውን አንሶላ ጠቅልላ ወጣች። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንገቱን በክንዷ ደገፈችና ብርጭቆውን ከከንፈሩ አስጠጋችለት። አንዴ ተጎነጨ። አቆመ። ከዚያ ያ ትልቅ ሰው፣ ሰው ቤት በእንግድነት እንደተቀመጠ ሕፃን፣ ልድገም ወይ እንደሚል ዓይኑን አንሥቶ ፊቷን አየ።