ኅዳጉ ላይ ያለው ስም

«እዚች ጋ ምን ይላል?» ሐዊ በሹክሹክታ ትጠይቃለች፤ ጥራዙን ከተዘረጋበት የስፖንጅ ትራስ ጋር ወደ እታለማሁ ገፋ እያደረገች።

እታለማሁ ያልሰማች ትመስላለች። ሰምታለች። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የንባብ አዳራሽ ከገባች ጀምሮ ያቺ ልጅ ገጽ ስትገልጥም፣ እርሳስ ስትቀርጽም፣ ወንበሯ ላይ ስትቁነጠነጥም ሁሉም ይሰማታል። ቆሽቷ አሯል።

ቢያርም አይፈረድባትም። ከአራት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዞች በንጉሥና በጳጳስ ጉዳይ የተሰዳደቡባቸውን በራሪ ጽሑፎች የሚያጠና ሐበሻ፣ ለንደን ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች። ጉባኤ ሲኖር የምትጠራው እሷ፤ ባተርሲ ሰፈር ሠርግ ላይ እንኳ «ያቺ የእንግሊዝ ጳጳሳትን የምታውቀዋ» እየተባለች የምትተዋወቀው እሷ። አሁን ይህች የኪልበርን ሰፈር ልጅ መጣችባት። ወጣት፣ ፈጣን፣ እንግሊዝኛዋ እንደ ውኃ የሚወርድ። ይባስ ብላ «እርስዎ» ትላታለች። እናቷ አስተምራት ነው፣ አክብሮት ነው፤ እታለማሁ ግን በሰማችው ቁጥር አንድ ሽበት የሚበቅልባት ይመስላታል።

«ሶሪ፣ ካልረበሽኩዎት...»

«አሳይኝ እስቲ» ትላለች፤ ፊቷን ፈገግ፣ ሆዷን ቆምጠጥ አድርጋ።

ታያለች።

«የጳጳሱ እንቅልፍ» ናት። አሥር ገጽ የማትሞላ፣ ጳጳስን እያነሳች የምታፈርጥ ጽሑፍ። እታለማሁ ዶክትሬቷን የያዘችው በእሷ ላይ ነው። ደራሲዋ ሴት ናት ብላ ስትከራከር «ማስረጃሽስ?» እየተባለች በየጉባኤው የተሳቀባትም በእሷ ሰበብ ነው። ጽሑፏ ስም የላትም። በዚያ ዘመን ጳጳስን የዘለፈ ሰው ጆሮውን ይቆረጥ ነበርና ማን ደፍሮ ይፈርማል? እታለማሁ የሚታወቁትን ቅጂዎች ሁሉ አይታቸዋለች፤ አንዱም ትንፍሽ አላለም። ይህችኛዋ ቅጂ ግን ካታሎግ ውስጥ አልገባችም። ከስብከቶች ጋር በአንድ ጥራዝ ተሰፍታ ኖራ፣ ሐዊ ስብከቱን ገጽ በገጽ ስትገልጥ ነው ያገኘቻት። እታለማሁ ያንን ጥራዝ ስንቴ አልፋዋለች፤ ስብከት ማን ያነባል ብላ።

ኅዳጉ ላይ አንድ የዚያ ዘመን አንባቢ በተጠማዘዘ የእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ጽፏል። ለሐዊ ዶሮ የጫረው ነው። ለእታለማሁ ግን ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው፤ «ይህን የደረሰችው የሻማ ነጋዴው ሚስት ማርጀሪ ቱል ናት» ይላል።

ሴት ናት! እታለማሁ ትክክል ነበረች። ደስታው ግን ገና ጉሮሮዋ ጋ ሳይደርስ ሌላ ነገር ቀደመው። ያገኘችው ይህች ልጅ ናት። ነገ የሚጨበጨበው ለሐዊ ነው።

«የገዢዋ ስም ነው» ትላለች። «ማርጀሪ የምትባል ሴት ገዝታው፣ የእኔ ነው ብላ ጽፋበታለች። ያኔ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርግ ነበር።»

የመጨረሻው እንኳ እውነት ነው። ልጅቱ ወደ ሌላ ሥራ ስትዞር ቀስ ብላ ብቻዋን ትመለስበታለች፤ ያኔ ግኝቱ የእሷ ይሆናል።

የሐዊ ትከሻ ወረደ። «ሹር ነዎት?»

«የድሮ እጅ ጽሑፍ ሳነብ ስንት ዘመኔ ነው?»

«ኖ፣ ኖ፣ አምንዎታለሁ። ማርጀሪ የምትለዋን ብቻ ለይቼ ነበር። ደራሲዋ መስላኝ እዚሁ ልጮህ ነበር እኮ!» ላፕቶፗን ወደ እታለማሁ ታዞረዋለች። «ይኸው፣ አርቲክሌ ውስጥ ይሄንን ሴክሽን ለእርስዎ ነበር የጻፍኩት። ሰርፕራይዝ ላደርግዎት።»

የክፍሉ ርእስ በደማቁ ተጽፏል፤ «እታለማሁ ትክክል ነበረች» ይላል።

እታለማሁ አነበበችው። ደገመችው።

«በቃ፣ ይሄ ይወጣል» ትላለች ሐዊ እየተከዘች። «ዛሬ ሰብሚት ማድረግ አለብኝ።» ክፍሉን ከላይ እስከ ታች ትመርጥና ቁልፉን ትጫናለች። ገጹ ነጭ ይሆናል።

«ቆይ፣ ደግሜ ልየው» ማለት ነው የቀረው። እታለማሁ አፏን ትከፍታለች። ግን ደግማ ብታየውስ ምን ልትል ነው? በማንበብ የታወቀች ሴት እንዲህ ያለ ግልጽ መስመር እንዴት ሳተች ትባላለች፤ ከዚያም «ለምን ዋሸች?» ትባላለች። የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም። አፏን ትዘጋለች።

«ፉትኖት ግን ያስፈልገዋል» ትላለች ሐዊ። «ነገ አንዱ መጥቶ ይሄ ስም የደራሲዋ ነው እንዳይል። የገዢዋ መሆኑን ያረጋገጡልኝ ዶክተር እታለማሁ ናቸው እላለሁ።»

ማርጀሪ ቱል ደራሲ አይደለችም ብላ በኅትመት የምትመሰክረው፣ ከዓለም ሰው ሁሉ እሷው ልትሆን ነው።

«አያስፈልግም፣ የእኔ ልጅ። ስሜን ተዪው።»

«እንዴ! ያስፈልጋል እንጂ። የሰው ሥራ መውሰድ ነውር ነው» ትላለች ሐዊ፤ ከልቧ ነው። ጣቶቿ ፊደሎቹ ላይ ተዘጋጅተዋል። «ሙሉ ስምዎን ልጻፍ። የአባትዎ ስም ማን ነበር?»

እታለማሁ ጠረጴዛውን እያየች የአባቷን ስም ትናገራለች።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም» ትላለች ሐዊ፣ ጠጋ ብላ።

«ተክለ ሃይማኖት» ትላለች እታለማሁ፤ እንደገና።