ዋስ ያጣው መጽሐፍ

«ዋስሽ ማነው?» ይላል ምናለ፣ እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ ደቅኖ።

ዋስ የለኝም። እሱም ያውቃል። ግን የፊዚክስ መምህር አይደል፣ ሕግ ሕግ ነው ባይ ነው። ጣጣውን ያመጣው ደግሞ ራሱ ነው። አምና፣ እኔ ሳልመጣ፣ የንባብ ማኅበራችንን አንድ ወፍራም የጠፈር መጽሐፍ «እንዲህ ያለ አንብባችሁ አታውቁም» ብሎ አስያዘና፣ መርከቧ ከመሬት ሳትነሳ ክረምታቸውን በላችው። ያን ጊዜ ጋሽ አብዱራህማን ተቆጡ። «ለዘበኝነት የሚቀጠር ሰው እንኳ ዋስ ይጠራል፤ ከእንግዲህ መጽሐፍም ያለ ዋስ እዚህ አይገባም» አሉ። እዚህ የሚሉት የጨርቅ ሱቃቸውን ነው። እሑድ ከሰዓት የምንሰበሰበው እዚያ ነው፤ ወንበራችን ጣቃ ጨርቅ ነው። ዛሬ ዝናቡ ሌሎቹን አስቀርቷቸው ሦስት ብቻ ነን፣ ጥግ ላይ ካለችው ልጄ በቀር።

ደብተሩ አራት አምድ አለው። የመጽሐፉ ስም፣ የጋባዡ ስም፣ የዋሱ ስም፣ ዋሱ ከጋባዡ ጋር ያለው ዝምድና። መጽሐፉን ያነበበ ሌላ ሰው ዋስ ሆኖ ካልፈረመ አይመዘገብም። ካልተመዘገበ ደግሞ በተራ አይዞርም።

እኔ እንዲዞር የምፈልገው ለአንድ ሰው ብዬ ነው። ልጄ ትህትና ጀርባዋን ሰጥታን ታነባለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እዚህ ደብተር ላይ የሰፈረውን ሁሉ ተራዋን ጠብቃ ትጨርሰዋለች፤ ዘንዶ ይሁን ሮቦት አትመርጥም። እኔ የምሰጣትን ግን አትነካም። ጅዳ ስሄድ ሦስት ዓመቷ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ስመለስ «እማ» የምትላት እህቴን ሸዋረግን ነው። እኔን ምንም አትለኝም። ስትፈልገኝ መጥታ ፊቴ ትቆማለች፣ እስካያት ትጠብቃለች። ስምንት ወር ሆነን እንዲህ። ያማል፤ አያምም ብል ውሸቴን ነው።

መጽሐፉን የገዛሁት ስመለስ ደሴ ላይ፣ መናኸሪያው በር ካነጠፈ ሻጭ ነው። ሽፋን የለውም። የደራሲው ስምም ከሽፋኑ ጋር ሄዷል። እዚህ መካነ ሰላም ውስጥ ከእኔ ሌላ ያነበበው ያለ አይመስለኝም። እኔ አንብቤ ስጨርስ ተንሰቅስቄ አለቀስኩና፣ ትህትና እንድታየው መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ወር አለፈው፣ ንቅንቅ አላለም።

«እስቲ መጀመሪያ ታውራልን» ይላሉ ጋሽ አብዱራህማን። «ጅን አለበት?»

«የለበትም፣ ጋሼ።»

«ዘንዶስ?»

«እሱም የለም። ወደ ኮከብ የምትሄድ ሴት ናት።»

ቅር ይላቸዋል። ምናለ ግን ጆሮው ይቆማል።

አወራላቸዋለሁ። ሴትዮዋ ውኃ የሚስብ ማሽን ልትጠግን ሩቅ ኮከብ ትሄዳለች። መርከቧ በጣም ፈጣን ስለሆነች፣ ለእሷ ሁለት ዓመት የሆነው እቤቷ ላሉት ሃያ ዓመት ይሆናል። የፈረመችው ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ ቸኩላ አላነበበችውም።

«ሂሳቡ ያስኬዳል» ይላል ምናለ።

«ስትመለስ ልጇ አድጋለች። በሩን ታንኳኳለች። ልጅቷ ትከፍትና ‹ማንን ፈልገው ነው?› ትላታለች።»

ወሬዬን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ጋሽ አብዱራህማን ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ሁለት ወንድ ልጆቻቸው ሪያድ ናቸው። «ያ አላህ» ይላሉ ቀስ ብለው። «እኔ በሆንኩልሽ ነበር፣ ልጄ። ግን ሳላነብ ብፈርም ውሸት ይሆንብኛል፣ ወላሂ።»

«ለሌላ ጊዜ ይቆይ፣ እትዬ ሙሉሐረግ» ይላል ምናለ፣ ዓይኔን ላለማየት እየታገለ። ደብተሩን ያጥፋል። እኔም መጽሐፌን አንስቼ በነጠላዬ እጠቀልለዋለሁ። ከመስኮቱ ሌላ የምወስድበት የለኝም።

«አላንኳኳችም።»

ሁላችንም ዞር እንላለን። ትህትና ናት። ጀርባዋን እንደሰጠችን ናት።

«ምን አልሽ፣ የኔ ልጅ?» ይሏታል ጋሽ አብዱራህማን።

«በሩን አላንኳኳችም። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ነው የጠበቀቻት። ልጅቷ እጣቢ ልትደፋ ስትወጣ ነው ያየቻት።»

እውነቷን ነው። ከጅዳ ስመለስ ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ከመጽሐፉ ጋር ተምታቶብኝ ነው።

«አንብበሽዋል?» ይላል ምናለ።

«ሁለት ጊዜ።»

«መቼ?» እላለሁ እኔ።

አሁን ትዞራለች። «ገበያ ስትሄጂ» ትላለች። ቀጥላ፣ ጥፋት እንደተገኘባት ሁሉ፣ «ቦታው እየመለስኩ ነው» ትላለች።

ምናለ ደብተሩን መልሶ ይገልጣል። «አካለ መጠን ያልደረሰ ዋስ አይሆንም። ደመወዝም የላትም» ይላል እየሳቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ እስክሪብቶውን ስጣት» ይሉታል ጋሽ አብዱራህማን።

ትህትና መጥታ አጠገቤ ጣቃው ላይ ትቀመጣለች። ሦስተኛው አምድ ላይ ስሟን ትጽፋለች። አራተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ይቆማል። አምዱ ምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ማየት ያቅተኝና የጣቃውን ክር መምዘዝ እጀምራለሁ። ጋሽ አብዱራህማን አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ።

«ጨረስኩ» ትላለች። ደብተሩን ለምናለ አትመልስለትም፤ ለእኔ ታቀብለኛለች።

ዝምድና ከሚለው ሥር ረጅም ዝርዝር ነው፤ ጎረቤት፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ጎረቤት። የመጨረሻው መስመር ላይ «ልጇ» ይላል። እስክሪብቶውን ተጭና ስለጻፈችው፣ ገጹን ስገልጠው ከጀርባው በጣት ይዳሰሳል።