የፍራሹ ወረቀት

ለቅሶ ደራሹን ሶፋው አልበቃው ሲል፣ የእጅጋየሁና የሟች ባሏ የፍስሐ ፍራሽ ከመኝታ ቤት ተጎትቶ አሜሪካ፣ ሬንተን ከተማ ያለው አፓርታማቸው ሳሎን ውስጥ ተነጠፈ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጫፉ ላይ እንደተቀመጠች፣ ፍራሹ ጎን ላይ የተሰፋው ወረቀት ብቅ ብሎ ባቷን ቧጨራት። ከተገዛ ጀምሮ ነክቷት አያውቅም። ያ ጎን የፍስሐ ነበር።

«ምን ይኼ! ቆርጬ ልጣልልሽ» አለች ጎረቤቷ ቢልቂስ፣ መቀስ ከኩሽና ይዛ መጥታ።

«ተይ፣ እሱን መቁረጥ በሕግ ያስቀጣል ይላል ጽሑፉ። ፍስሐ ‹ዜግነቴን ሳላገኝ በፍራሽ ተከስሼ ልባረር?› እያለ እግሩን ሲያክ ነው የኖረው።»

ለቅሶ ደራሹ ሳቁን በነጠላው አፈነ። ልጇ ሳሮን ግን ጎንበስ ብላ ደቃቁን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አነበበችው።

«ኖ ማሚ፣ ለሻጮች ነው የተጻፈው። የገዛው ሰው መቁረጥ ይችላል። ኢትስ ኦኬ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። እጅጋየሁ ልጇን አየቻት። ያን ሁሉ ጊዜ «አንተ ፈሪ!» እያለች ስትስቅበት ኖረች እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳ «እስቲ ለአባትሽ አንብቢለት» አላለቻትም። መቀሱን ከቢልቂስ ተቀበለች፤ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ወጥራ ያዘች። ከዚያ መቀሱን ወለሉ ላይ አኖረችው።

«የገዛው እሱ ነው» አለች።

ወረቀቱን አጥፋ ፍራሹ ሥር ወሸቀችው። ተመልሶ ወጣና ባቷን ቧጨራት። እግሯን አላሸሸችም።