የጥሩንባ አንባቢ

በምርምር ተቋሙ ውስጥ ዜና የሚያሠራጨውን ሰው ሁሉም «ጥሩንባ» ይለዋል። ድሮ በድምፅ ማጉያ ነበር የሚለፍፈው፤ አሁን በተቋሙ የውስጥ ገጽ ላይ ይጽፋል። ማን እንደተሾመ፣ የትኛው ሕንፃ ውኃ እንደሚቋረጥበት፣ ማን እንደታመመ። በድምፅ ማጉያው ዘመን እሱን ላለመስማት ጆሮን መድፈን ያስፈልግ ነበር፤ ገጹን ግን አለመክፈት ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ በየማለዳው ይጸልያል። «ጌታዬ፣ ብዙ አልጠይቅህም። አንድ አንባቢ ስጠኝ።»

ፈጣሪ ለማኝ አይንቅም፤ ሰጠው።

ዜናውን ለጥፎ ሻዩን ሳያማስል አንዲት ቀይ ልብ ብቅ ትላለች፤ ከሥሯ «ክፍል ስድስት» ይላል። ለሹመት ልብ፣ ለውኃ መቋረጥ ልብ። እሑድ እንኳ አይቀርም። የጡረተኛው የሐዘን ማስታወቂያ ሲወጣም ልብ መጣ። «የክፍል ስድስቷ ሟቹን ብትወዳቸው ነው» አለ ጥሩንባ።

ክፍል ስድስት የአንዲት ኮስታራ ዶክተር ነው። መንገድ ላይ ስታገኘው ሰላምታዋ አገጭ ከመነቅነቅ አያልፍም። የነጭ ጋዎኗ ኪስ ሁልጊዜ በለውዝ እንዳበጠ ነው። ዓይን አፋር ሆና እንጂ፣ ብሎ አሰበ፤ በአፏ ያቃታትን በልብ ትናገራለች። ሸሚዙን መተኮስ ጀመረ። ዜናውም ረዘመ፤ የቧንቧ ጥገና እንኳ እንደ ግጥም ይወርድለት ጀመር።

አንድ ቀን የአስተዳደር ኃላፊው አስጠራው።

«ስማ ጥሩንባ፣ ገጹን ልንዘጋው ነው። ለሌላ ሥራ ደግሞ ቦታ የለንም።»

የሚያሳድጋቸው ልጆች በዓይኑ ዞሩ። «አንባቢ አለኝ እኮ አለቃ።»

«ራስህን ቆጥረህ ነው?»

«ራሴንማ አልቆጠርኩም። ክፍል ስድስት ናት።»

«ዶክተሯ? እሷ እኮ የደመወዝ ማስታወቂያ እንኳ አታነብም።»

«ሰው በፊቱ አይፈረድበትም አለቃ።»

ኃላፊው ከወንበሩ ተነሣ። «እንግዲያው እንሂድ። አንድ አንባቢ በዓይኔ ካየሁ ገጹ ይቀጥላል፤ ቃሌ ነው።»

ጥሩንባ በልቡ እየጸለየ ተከተለ። መንገድ ላይ ለስጦታ ያህል ለውዝ ገዝቶ በእጁ ያዘ። በሩ ጋ ሲደርሱ በስልኩ አንድ ዜና ለጠፈና አንኳኳ።

ዶክተሯ ከፈተች። በሁለት እጇ ባልዲ ተሸክማለች።

«ዶክተር፣ ዜናዬን ስለሚያነቡልኝ ላመሰግን ነው የመጣሁት» አለ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

«እኔ? የምን ዜና?»

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ጊዜ የጥሩንባ ስልክ ጮኸ። ቀይ ልብ፤ ክፍል ስድስት። ሁለቱም የዶክተሯን እጆች አዩ፤ ባልዲውን አለቀቁም።

«ልታግዙኝ ከሆነ ግቡና በሩን ዝጉ፤ ሥራ ላይ ነን» ብላ ገለል አለችላቸው።

ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠችው ጦጣ ጣቷን ከቀይዋ የልብ ምልክት ላይ አንሥታ ዘወር አለችና፣ መዳፏን ወደ ጥሩንባ ለውዝ ዘረጋች።