እስከ አዲጋላ ጣቢያ

ባቡር ነጂው የወር ልጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ በአፉ «ችክ ችክ» እያለ የግቢውን ሮቃ ዛፍ ይዞር ነበር። ልጁ ሌላ እሹሩሩ አይሰማም፤ አባትየው ለአፍታ ዝም ካለ ያለቅሳል፤ ካለቀሰ ደግሞ ስንት ቀን እንቅልፍ ያጣችው እናቱ ትነቃለች። የእሑድ ካርታ ጓደኞቹ፣ ፍሬን ያዡ ቡልቻና ቲኬት ተቆጣጣሪው ወርሳሜ፣ ጥላው ሥር ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለው ይጠብቁት ነበር።

«አቦ ቶሎ አስተኛው፤ አለዚያ ሌላ ሰው እንጠራለን» አለ ቡልቻ።

«ሺኒሌን አልፈናል፤ አዲጋላ ጣቢያ ሳንደርስ ይተኛል» አለ አባትየው፤ ድምፁንም ዝግ አደረገ። የድሬ ሙቀት አናት ይበሳል። ችክ ችክ። ካርታው ከቡልቻ እጅ ተንሸራትቶ ምንጣፉ ላይ ተበተነ። አባትየው ዞር ቢል ሁለቱም ያንኮራፋሉ፤ ዕድሜያቸውን ባቡር ላይ የፈጁ ሰዎች ይኼን ድምፅ የት ይችሉታል። ልጁ ግን ዓይኑን አፍጥጦ ያየዋል።

«አዲጋላ» አለ ተስፋ ቆርጦ፣ ወርሳሜ አጠገብ ዘጭ እያለ።

ወርሳሜ ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ወደ ልጁ ዘረጋ። «ቲኬት።»

ልጁ የወርሳሜን ጣት ጭብጥ አድርጎ ያዘና እንቅልፍ ወሰደው። አባትየው በአንድ እጁ ካርታውን ለቃቀመ። ግን ከማን ጋር ይጫወት?