ሾላው ሥር

መምህሩ ባሮ ዳር ባለችው ቆላማ ከተማ ሰባት ዓመት ሲኖር አንድ ሕግ ጥሶ አያውቅም። ገና እንደ መጣ ጎረቤቱ አቶ ኦቻን፣ ዓሣ አጥማጁ፣ "ትናንት በቀዳህበት ቦታ ዛሬ እንዳትቀዳ። አዞ ሰው የሚመላለስበትን ቦታ ያጠናል" ብለውት ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ከሾላው ሥር ቢቀዳ፣ በማግስቱ ጀልባዎቹ ወደሚታሰሩበት ይወርዳል። እየቆየ እግሩ መንገዱን ለመደው፤ እሱም ስለ ሕጉ ማሰብ ተወ።

ዝውውሩ ሲፈቀድለት የምትተካው ወጣት መምህርት ከደጋ መጣች። ትናንት ጠዋት የቤቱን ቁልፍ፣ አልጋውንና ቢጫውን ጀሪካን አስረከባት። ሾላው ሥር ወስዶም ውኃ አስቀዳት።

"ጋሼ፣ ደስ ሲል! ጥላም አለው" አለችው።

"ለቤትሽም ቅርብ ነው" አላት።

ዛሬ ጠዋት አቶ ኦቻን አውቶቡሱ ድረስ ሸኙት።

"ለልጅቷ ሁሉንም ነግረሃታል አይደል?"

"ምን የቀረ አለ! ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ ሳይቀር አሳይቻታለሁ።"

"በል እንግዲህ፣ የደጋ ብርድ እንዳይጫወትብህ!" ብለው ሽማግሌው ሳቁ።

አውቶቡሱ ድልድዩ ላይ ሲወጣ ወንዙን ለመጨረሻ ጊዜ ለማየት በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። ሾላው ሥር ቢጫ ጀሪካን ታየው። ልጅቷ ቀሚሷን ሰብስባ ውኃው ላይ ጎንበስ ብላለች።

"ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ።

ረዳቱ በሩን ተደግፎ ሳቀ።

"ጋሼ፣ ገና ከመነሳታችን? ድልድይ ላይ መቆም አይቻልም።"