አልጋ ቁጥር ዘጠኝ

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ትንሿን የመስታወት ሳህን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳቻት። ባክቴሪያውን ሦስት ሳምንት አስርባው፣ ጨው ነስንሳበት፣ በሙቀት ለብልባው ነበር። እሱ ግን የማደጊያ ጂኖቹን ዘግቶ፣ በሕይወት የሚያቆዩትን ብቻ ከፍቶ፣ ክፉ ቀን እስኪያልፍ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ዛሬም አልሞተም?» አሏት አለቃዋ ካፖርታቸውን እየደረቡ።

«አልሞተም፣ ጋሼ።»

«ሞት የረሳው ነው እንግዲህ። ጥናቱ አልቋል፤ ማቃጠያው ውስጥ ጣይውና ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

የማቃጠያውን በር ከፍታ ቆመች። ሳህኗ ላይ «አልጋ ቁጥር ዘጠኝ» የሚለው የራሷ እጅ ጽሕፈት ነው። አምና ሆስፒታሉ ውስጥ በዚያ አልጋ ከተኛችው እናቷ ክንድ ደሙን የቀዳችው እሷ ነበረች፤ ደሙ ውስጥ የተገኘው ይኸው ባክቴሪያ እናቷን በሦስተኛው ቀን ገደላት። ከእናቷ ገላ ወጥቶ ዛሬም የሚኖር ግን እሱ ብቻ ነበር።

በሩን መልሳ ዘጋችና፣ ለገዳዩ የስኳር ውሃ ጠብ አደረገችለት።